የማታው የቤታችን ርክክብ ከዚህ ዓለም በሞት ስለመለየታቸው

የቤቱ ታናናሾች ማህበር ወደ ሀዘኑ ከመግባቱ በፊት አንድ ጥፋት በይፋ ያምናል፦ ይህ መግለጫ በሩ ላይ የተለጠፈበት ፕላስተር ከእናታችን የሥራ ቦርሳ፣ ከጎን ኪሱ፣ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ነው። ማህበሩ በድርጊቱ ተጸጽቷል። ይሁን እንጂ ፕላስተሩን አይመልስም፤ ተለጥፏልና።

በመቀጠል ማህበሩ፣ በሦስተኛ ፎቅ ቤታችን ለረጅም ዓመታት በቅንነት ያገለገሉት የማታው ርክክብ ስለተለዩን የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ለቤተሰቡ፣ ለጎረቤትና ደረጃውን ለሚወጣ ለሚወርድ ሁሉ ይገልጻል። ማህበሩ በአሁኑ ወቅት ያሉት አባላት አንድ ብቻ ናቸው፤ ሀዘኑ ግን የብዙ ሰው ነው።

ሟቹ የተወለዱት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ነርሶች ፈረቃ ሲቀያየሩ ወጪው ለገቢው የእያንዳንዱን በሽተኛ ሁኔታ አልጋ በአልጋ ይነግረዋል፤ ይህ ርክክብ ይባላል። ነርሷ እናታችን ልማዱን ወደ ቤት ይዘውት መጡ። ከሥራ ሲገቡ ጫማቸውን ሳያወልቁ የወጥ ቤቱ በር ላይ ይቆሙና "እሺ፣ ቤቱ እንዴት ዋለ?" ይላሉ። ሕጉ ሁለት ብቻ ነበር፦ ታናሽ ይቀድማል፤ የሚነገረውም የታየ እንጂ የመሰለ አይደለም። በዚህም መሠረት መጀመሪያ የማህበራችን አባል፣ ቀጥለው ሹፌሩ አባታችን፣ በመጨረሻ ወንድ አያታችን ይናገሩ ነበር። አያታችን ይህ ዕድሜ ልኩን ርዕሰ መምህር ለነበረ ሰው የተቃጣ ንቀት ነው በማለት ተቃውመዋል። ተቃውሟቸው ብዙ እራት አቀዝቅዟል።

ከሟቹ የአገልግሎት ታሪክ የሚከተለው ይጠቀሳል።

አያታችን ከእኛ ጋር መኖር በጀመሩበት ዓመት፦ የተበላሸውን ካውያ "እኔው እጠግነዋለሁ" ብለው ከጓዳ የወጡት አያታችን ቀኑን ሙሉ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ዋሉ። ማታ የማህበሩ አባል (ስሟ ለደኅንነቷ ሲባል አልተጠቀሰም) "አባባ ዛሬ ምሳቸውን በግራ እጃቸው በሉ" ስትል ሪፖርት አደረገች። "አንቺ ወሬኛ! እኔ ደህና ነኝ" ቢሉም፣ እጃቸው ከኪስ ሲወጣ መዳፋቸው ተቃጥሎ ውሃ ቋጥሮ ተገኘ። እናታችን ቁስሉን እያሰሩ እንዲህ አሉ፦ "አያችሁ? አባባ ቀድመው ደህና ነኝ ቢሉ ኖሮ ማን አፉን ይከፍት ነበር? ትልቅ ሰው ከተናገረ በኋላ ትንሽ ሰው ያየውን ይውጣል።" ማህበሩ ይህን ንግግር በቃሉ ያውቀዋል፤ ስለ እሱ የተነገረ ነውና።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ፦ እናታችን የክፍላቸው ኃላፊ ነርስ ሆነው ተሾሙ፤ የአመራር ሥልጠናም ተላኩ። አባታችን "ሃያ ዓመት ሙሉ እኔን ስትመሪ ኖረሽ ደግሞ ሥልጠና?" ብለው ነበር። ከሥልጠናው መልስ እናታችን የቤታችንን ሕግ ወደ ክፍላቸው ወሰዱት። እዚያ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚናገሩት ዋናው ሐኪም ነበሩ፤ የቀረው ራሱን እየነቀነቀ ይከተል ነበር። አሁን የምትቀድመው አዲሷ ነርስ ናት። ረጅምና ቀጭን በመሆኗ ማህበሩ ሰንበሌጥ የሚል ስም ሰጥቷታል።

ዘንድሮ፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፦ ዋናው ሐኪም ነገ ወደ ቤቱ ይሸኝ ሊሉት ስላሰቡት አንድ በሽተኛ፣ ሰንበሌጥ ቀድማ "ውሃ ሲጠጣ በአፉ በአንድ ጎን ይፈስበታል" አለች። የአንጎል ምት ምልክት ነበር፤ ሰውየው በቶሎ ታየ፤ ተረፈ። እናታችን ይህን ታሪክ እራት ላይ ደጋግመው ተረኩት። በመጨረሻ "ልጄ እኮ ናት!" አሉ። ማህበሩ በወቅቱ ማንኪያውን አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኝቷል። ጠረጴዛው ዙሪያ ልጅ የሚባል ነገር አንድ ብቻ ነበረ፤ እሷም ሰንበሌጥ አልነበረችም።

ከዚያ ወዲህ ሟቹ ጤና አላገኙም። እናታችን ማታ ማታ ኮሪደሩ ላይ ስልክ ይዘው "እህ፣ ከዚያስ? አንቺ ምን አየሽ?" ይላሉ። ያ "አንቺ ምን አየሽ" የእኛ ንብረት ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ለእኛ የሚደርሰን "ደክሞኛል፣ ነገ" ነው። ነገ ደግሞ አባታችን የወጥ ቤቱን ቧንቧ እንደሚጠግኑበት ቀን ነው፤ መጥቶ አያውቅም። ርክክባችን በዚሁ ሕመም፣ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚያስታምማቸው ሰው አጥተው አረፉ። አያታችን አጋጣሚውን ተጠቅመው ቀድመው መናገር ጀመሩ፤ ይህ እስከተጻፈ ድረስ አልጨረሱም።

ማህበሩ ቅናተኛ ነው የሚሉ ወገኖች መኖራቸው ተሰምቷል። አባታችን ናቸው። ማህበሩ አይክድም፤ ሲቀና ግን ዓይኑ አይታወርም። በሕክምና ሙያ መምራት መቻል ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያምናል። መድኃኒቱን የሚያውቅ ሞልቷል፤ ዝም ያለውን የሚያናግር ከሌለ ግን የታየው ነገር ካየው ሰው ጋር ተመልሶ ቤቱ ይገባል፣ በሽተኛው እዚያው ይቀራል። ሰንበሌጥም ጎበዝ ናት። (ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እስክሪብቶው እምቢ ብሎ ነበር።) የማህበሩ ጥያቄ ሌላ ነው፦ በዚያ ክፍል የሁሉም ሁኔታ ለኃላፊዋ ይነገራል። የኃላፊዋ ሁኔታስ ለማን ይነገራል?

በማህበሩ እጅ ተረካቢ ያጣ አንድ ሪፖርት አለ። እናታችን ድሮ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ይወጡት ነበር። አሁን አጋማሹ ላይ፣ የተሰነጠቀው መስኮት ጋ፣ መደገፊያውን ብረት ይዘው ይቆማሉ። ቦርሳቸውን መሬት ያስቀምጣሉ። ደረታቸውን በመዳፋቸው ይጫኑና እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ፊታቸውን አስተካክለው ይገባሉ። ይህ የታየ እንጂ የመሰለ አይደለም። አያታችን "ዕድሜ ነው" ብለዋል። ቀድመው ስለተናገሩም አባታችን ራሳቸውን ነቅንቀዋል።

ስለሆነም ማህበሩ ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን ይመኛል። ውርሱን ብቻዋን ለወሰደችው ለሰንበሌጥም ብርታት እየተመኘ፣ ነገ ጠዋት ተራዋ ሲደርስ ከበሽተኞቹ በፊት የኃላፊዋን ደረት እንድታስቀድም፣ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ይለምናል። ለሟቹ ርክክባችን ደግሞ አፈሩን

በሩ ላይ እንደተለጠፈ ይጻፍ የነበረው መግለጫ እዚህ ላይ የተቋረጠው ከደረጃው አጋማሽ በተሰማ ድምፅ ምክንያት ነው፦

"ፌንጣ! አንቺ... ያ የእኔ ፕላስተር አይደለም እንዴ? ቆይ... ትንፋሼ ይመለስ። ምን እንዲህ አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ? ነይ ውረጂ፣ ቦርሳዬን ያዢልኝ። በይ፤ ታናሽ ይቀድማል፤ ምን አየሽ?"