«በቃ» እስኪሉን ድረስ

ናፖሊ፣ ሳኒታ ሰፈር
የካቲት 1977 እ.ኤ.አ.

ይድረስ ለክቡር ኮሜንዳቶሬ ሩጄሮ ቫልሴኪ፣ የወንበዴና የፖሊስ ፊልሞች ዳይሬክተር
ሮም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለድምፅ ማጉያዎና በሰኔ ሙቀት እንኳ ከአንገትዎ ላልወረደው የሐር ሻርፕ ደህንነት ያለኝን ልባዊ ምኞት እገልጻለሁ። እኔ የጨው ዓሣ ሻጩ የአኒዬሎ ካፑዋኖ ሚስት ኑንዚያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። አኒዬሎ እንደሚያውቁት ሞቷል። በጋዜጣ የጻፍሁልዎ ቢሮዎ ቃሌን ስለማያደርስልዎ ነው፤ ጋዜጣ ግን ፎቶግራፍዎን ፍለጋም ቢሆን እንደሚገልጡ አውቃለሁ። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ባለፈው ሰኔ ያለ ፈቃድና ያለ ማስጠንቀቂያ ወደ ሰፈራችን ስለመጡ አመሰግናለሁ። ካሜራዎን በሳሙና ማመላለሻ መኪና ውስጥ ደብቀው፣ ጭንብል ያጠለቁ ሰዎችዎን በጠባቡ መንገዳችን እየከነፉ እንዲተኩሱ ሲለቁብን እኛ የምናውቀው ነገር አልነበረም። በኋላ ቀርበው እንዳስረዱን፣ እውነተኛ ድንጋጤ በገንዘብ አይገዛም፤ ስለዚህ ከእኛ በነፃ ወሰዱት። አሮጊቷ ዶና ሬስቲቱታ ስትሸሽ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋን የሰበረችበት ቦታ በፊልምዎ ላይ በጣም አምሮ ወጥቷል። ዛሬም አልጋ ላይ ነችና ለሌላ ዳይሬክተር ትሮጣለች ብለው እንዳይሰጉ።

ያን ቀን ያልሸሸው አኒዬሎ ብቻ ነበር። እውነተኛ ወንበዴ መስሎት አንዱን ሰውዎን እንደ እንጨት በደረቀ ዓሣ አናቱን ስላለው ወደዱትና፣ በተኩስ መሀል የሚሞት መንገደኛ እንዲሆን ቀጠሩት።

ሁለተኛ፣ ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ከርመው ሲቀርጹ ስላስተማሩን። የመጀመሪያው ትምህርትዎ ተኩስ ከተጀመረ በኋላ እርስዎ በድምፅ ማጉያው «በቃ!» እስኪሉ ድረስ ማንም ሰው ከቆመበት ንቅንቅ እንዳይል ነበር። የተነቃነቀ እናቱና አያቱ ተሰድበው፣ ለሁሉ የሚታደለው የምሳ ዳቦ ይቀርበታል። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ቀን ረስቶ መንገድ በማቋረጡ ሁሉም ነገር እንደገና ሲቀረጽ፣ ሰፈሩ ለሳምንት ሰላምታ ነሥቶት ነበር። ሁለተኛው ትምህርትዎ ደግሞ ድምፁ ሮም ውስጥ በሌላ ሰው ስለሚሞላ፣ የሚሞት ሰው አፉን ለማንቀሳቀስ ያህል ቁጥር እንዲቆጥር ነው። አኒዬሎ ከምሳ በኋላ የወጥ ቤታችን ወለል ላይ እየወደቀ መሞትን ሲለማመድ፣ ፀጉር አስተካካዩ ዶን ራፋዬሌ ከጉልበቱ እንዲጀምር ይመክረው ነበር። ሰፈሩም ስሙን ትቶ «ሟቹ» ይለው ጀመር። ደስ ይለው ነበር፣ ሞኙ ባሌ።

ሦስተኛ፣ ይኼኛው ምስጋና ይሁን ሌላ፣ ስሙን እርስዎ ያውጡለት። በጥቅምት ሁለት ጎረምሶች በሞተር ብስክሌት መጥተው ከሱቃችን ፊት ለፊት ያለውን ወርቅ ሠሪ ሊዘርፉ ገቡ። እነዚህ የእርስዎ ሰዎች አልነበሩም። ወርቅ ሠሪው ጮኸ፣ እነሱም ተኮሱ፤ አኒዬሎ ከዓሣ ገንዳዎቹ መሀል ወደቀ። ሰፈሩ ምን ያደረገ ይመስልዎታል? እንዳሠለጠኑት ቆመ። ካሜራው የት እንደተደበቀ ለማየት ዓይኑን ወደ ሰገነቶቹ አነሣ፤ አንዳንዱም ፀጉሩን አስተካከለ። ዶን ራፋዬሌ መቀሱን እንደያዘ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ሟቹ፣ አወዳደቅህስ በሰኔ ይሻል ነበር» አለው፤ ሰውም ሳቀ። እርስዎ ያስለመዱን ደም እንደ ቲማቲም የደመቀ ስለነበር፣ እውነተኛውን አይተው ናቁት። አኒዬሎ አፉን ሲያንቀሳቅስም ቁጥር የሚቆጥር መሰላቸው።

እኔ ተኩሱን ሰምቼ ከአራተኛ ፎቅ እየሮጥሁ ስወርድ፣ ሁለት ጎረቤቶቼ ከሱቃችን ደጅ ላይ ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። «ኑንዚዬ፣ እንዳትገቢ፤ ታበላሺበታለሽ። ገና ‹በቃ› አላሉም እኮ» አሉኝ። የያዙኝ በፍቅር ነው፤ አጥብቀውም ያዙኝ። ደሙ ከገንዳው ውኃ ጋር ተደባልቆ እግራችን ሥር እስኪደርስ ድረስ እርስዎን ጠበቅንዎ። እርስዎ ሮም ነበሩ፤ እንዳልተመቸዎ ይገባኛል።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ አኒዬሎም ቁጥር አይወድም ነበር።

በጥር ፊልምዎ ወጣ፤ ቢሮዎም ባሌ በተቀበረ በሦስተኛው ወር «ለአቶና ለወይዘሮ ካፑዋኖ» ብሎ የሁለት ሰው መግቢያ በመላኩ አመሰግናለሁ። በእሱ ቦታ እህቱን አሱንታን ይዤ ሄድሁ። አሱንታ ከተወለደች ጀምሮ አትሰማምና ቀጥሎ ከመጣው ነገር ተርፋለች።

አኒዬሎ ዕድሜውን ሙሉ ከሱቁ ሆኖ፣ ጨዉ እንዲለቅ የተዘፈዘፈውን ዓሣ ውኃ እንድቀይርለት ወደ አራተኛ ፎቅ ሲጣራ ኖሯል። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው ያ ድምፅ የትም አልተቀዳም። ሲንቀሳቀስ የሚታይበትም ቦታ በዓለም ላይ የእርስዎ ፊልም ብቻ ነው። እዚያም ወድቆ አፉን ሲከፍት፣ የሮም ጠበቃ ድምፅ የመሰለ ወፍራም ድምፅ ወጥቶ «አባታቸው ለክብር እንደሞተ ለልጆቼ ንገሯቸው» አለ። እኛ ልጅ አልነበረንም። አዳራሹ አለቀሰ። እኔ የማላውቀው ሰው ሲሞት እያየሁ ስለነበር አላለቀስሁም።

ልመናዬ አንድ ናት። ፊልሙ ለፋሲካ ወደ ሰፈራችን ሲኒማ ይመጣል ተብሏል። ከዚያ በፊት ያንን ድምፅ ከባሌ አፍ ያውጡልኝ፤ ዝም ብሎ ይሙት። ረዳትዎ በስልክ፣ «እመቤቴ፣ ዝም ብሎ የሚሞት ሰው ማንን ያስለቅሳል?» ብለውኛል።

እኔን፣ ክቡር ሆይ።

ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ የማይቀረው ሲመጣም ቀስ ብሎ፣ በብዙ ተመልካች ፊት፣ ማንም ሳይነቃነቅና «በቃ» የሚልልዎ ሳይገኝ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ።

ኑንዚያ ካፑዋኖ
የሟቹ ሚስት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ አሱንታ አንድ ነገር ስለነገረችኝ ልመናዬን አንሥቻለሁ፤ የጠበቃው ድምፅ እንዳለ ይቆይ። አሱንታ ከልጅነቷ ጀምሮ የወንድሟን ከንፈር እያነበበች ያደገች ናት፤ በፊልምዎ ላይ አኒዬሎ ቁጥር አልቆጠረም። ይህንኑ መስማት ለተሳናቸው ወዳጆቿ ሁሉ በእጇ ነግራቸው፣ አሁን በቡድን እየሆኑ ፊልምዎን ለማየት ሲኒማ ይገባሉ። ስለዚህ በፊልምዎ እጅግ አሳዛኝ ቦታ ላይ ከፊት ወንበሮች ሳቅ ቢሰሙ በባለሙያዎችዎ አይቆጡ። ባሌ በመላው ጣሊያን፣ በእርስዎ ካሜራ ፊት፣ በእርስዎ ወጪ የሚለው ይህን ነው፦ «ኑንዚዬ፣ የዓሣውን ውኃ ቀይሪ። ይሄ ሰውዬ ስለ ሞት የሚያውቀው ነገር የለም።»