ተረፈን ከነሕይወቱ ስለቀበሩልን የቀረበ ምስጋና

ይድረስ «ምን ልስጥዎ» የተሰኘውን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ከሰባት ዓመት በኋላ ለመለሱልን፣ ለደራሲው፣ ለዳይሬክተሩና ለፕሮዲውሰሩ፣ ማለትም ሦስቱንም ለሆኑት ለክቡር አቶ ብሩክ፤
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል እላለሁ። እኛ ቡታጅራ ያለነው፣ ወልቂጤና አገና ያሉትም ወገኖቻችን፣ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። ይህን የምጽፈው ለወጉ ያህል አይደለም። በእኛ በኩል ማን በሕይወት እንዳለና ማን እንደሌለ እርስዎ ዘንድ የተሳሳተ መረጃ መኖሩን ስለተረዳሁ ነው።

ዘመድኩን ደበሌ እባላለሁ። ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ ዲሽ እተክላለሁ። የድሮውን «ምን ልስጥዎ» ሦስቱንም ምዕራፍ አንድ ክፍል ሳያመልጠኝ አይቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለጥገና የመጣውን ትልቁን ቴሌቪዥን ወደ መንገዱ አዙሬ ስከፍተው፣ ከሚኒባስ የወረደ መንገደኛ ሁሉ ሻንጣውን እንደያዘ ቆሞ ይስቅ ነበር። የሚስቁትም በባለሱቁ በጋሽ ድንቁ ነው፤ ጨው ሊገዛ የመጣውን ሰው መጥረጊያ አሸክሞ፣ አመስግኖ በሚሸኘው። ጋሽ ድንቁን ሆኖ የሚጫወተው ተረፈ የአገና ልጅ ሲሆን፣ ወልቂጤ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። ጉራጌን በንግዱና በአማርኛው ሊያስቁበት የሞከሩ ብዙዎች ናቸው፤ እነሱ በእኛ ሳቁ። ተረፈ ግን ከእኛ ጋር ሳቀ። አነጋገሩን ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣ እንጂ ለካሜራ የተማረው አልነበረም።

ስለዚህ ድራማው ሊመለስ ነው ሲባል ስንት ሰው እንደተደሰተ ልገልጽልዎ አልችልም። ከተመለሰ በኋላ ግን ጥቂት ቅሬታዎች ስላሉን፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ በቁጥር ላቅርባቸው።

አንደኛው ስለ ቀለሙ ነው። አዲሱን ምዕራፍ በጥቁርና ነጭ ለማድረግ ስለወሰኑ፣ የመጀመሪያው ክፍል በታየ ማግስት አሥራ አንድ ቴሌቪዥን ሱቄ ገባ። ባለቤቶቹ ቀለሙ እንዲመለስላቸው ይለምኑኝ ነበር። ዕቃው ጤነኛ መሆኑን፣ የታመመው ድራማው መሆኑን ማስረዳት የሙሉ ሳምንት ሥራ ሆኖብኝ ነበርና ስለሰጡኝ የሥራ ዕድል አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው ስለ ድምፁ ነው። በሁለተኛው ክፍል ማንም ምንም ሳይናገር፣ አንዲት ሴትዮ ባዶ ወንበር እያየች አምስት ደቂቃ ስትቀመጥ፣ ደንበኞቼ ድምፁ ጠፋ ብለው ጣራ ላይ አስወጥተውኛል። ዲሹን እያዞርኩ «አሁንስ?» ስላቸው «ገና ነው» ይሉኛል። ወንበሩ የጋሽ ድንቁ መሆኑንና ጋሽ ድንቁ እንደሞተ ቆጥረን በዚያ መሳቅ እንደሚገባን የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ሦስተኛውን በቁጥር ውስጥ ማስገባት ስላቃተኝ፣ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ እንደሆነው አድርጌ እተርከዋለሁ። ከሁለቱም ቀድሞ የተፈጸመ ነው።

እርስዎ ተረፈን ለአዲሱ ምዕራፍ ጠሩት። ሥራ ቤቱን ዘግቶ አዲስ አበባ ወጣ። ሁለት ቀን ብቻ ከጀርባው ቀረጻችሁትና «የቀረውን እንደውልልሃለን» ብላችሁ ሸኛችሁት። ጋሽ ድንቁ እንደሚሞት አልነገራችሁትም። ከዚያ በኅዳር ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት በፌስቡክ ገጻችሁ አንድ ፎቶ ወጣ። የጋሽ ድንቁ አልነበረም፤ የራሱ የተረፈ ፎቶ ነው። ጥግ ላይ ጥቁር ጥብጣብ፣ ከሥሩ ሻማ፣ ከሻማው ሥር «ደህና ሁን፣ ሳቃችን» የሚል ጽሑፍ። ስለ ድራማው አንድም ቃል የለበትም።

ፎቶውን ሱቄ ቁጭ ብዬ አየሁት። ወዲያው ተረፈ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወልቂጤ ከትናንት ጀምሮ መብራት ጠፍቶ እንደነበርና የስልኩ ባትሪ እንዳለቀ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ አገና ያለው የአክስቴ ልጅ ፈቃዱ ትዝ አለኝና ደወልኩለት።

«ተረፈ ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

ፎቶውን ላክሁለት። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ አልክደውም። ሌላ ማንንም ሳልጠይቅ ላክሁት። ፈቃዱ የእድራቸው ጸሐፊ ነውና እሱም ለሊቀመንበሩ አሳየ፤ እነሱም ደጋግመው ደወሉ፤ ስልኩ እንደተዘጋ ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጡሩንባ ተነፋ፤ ድንኳኑም በእናቱ በእማማ ብርሃኔ ደጅ ተተከለ።

ክቡር ሆይ፣ እማማ ብርሃኔ የሰባ ስድስት ዓመት እናት ናቸው። ከተረፈ በፊት ሁለት ልጆች ቀብረዋል። ሦስተኛው ሲቆምላቸው ነው ስሙን ተረፈ ያሉት።

እኔም ከቡታጅራ ተነሥቼ ለቅሶ ደረስኩ። እማማ ብርሃኔ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ፊታቸውን በጥፍራቸው ቧጥጠውት ነበር። ተረፈ በዚያ ሰዓት ወልቂጤ በር እየላገ ነው። አንድ ጎረቤቱ ለባለቤቱ መጽናናትን ሊመኝ ሲገባ፣ ሟቹን ቆሞ ሲሠራ አገኘው። ተረፈ ነገሩን ሲሰማ ሽርጡን እንኳ ሳይፈታ ሚኒባስ ተሳፈረ።

አሥር ሰዓት ላይ ከእንሰቱ ጥግ ብቅ ሲል ሴቶቹ ጮኸው ተበተኑ። አንዳንዱ ወንድም ተበትኗል፤ እኔ አንዱ ነኝ። ተረፈ እናቱ ፊት ተንበረከከ።

«እማ፣ እኔ ነኝ» አላቸው።

ግንባሩን ዳሰሱት። ጆሮውን ዳሰሱት። ከዚያ ግራ እጁን ይዘው፣ ጥንት መጋዝ የቆረጠውን አውራ ጣቱን ፈለጉ። አገኙት። ጣቱን እንደያዙ ወደ እኛ ዞረው «አትዋሹኝ» አሉን። ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ነው ይህን ያሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ከመኝታቸው አልተነሡም።

በማግስቱ ተረፈ ለእርስዎ ሲደውል አጠገቡ ነበርኩ፤ ድምፅዎን ሁላችንም ሰምተናል። እንዲህ ነበር ያሉት፦

«ተረፍዬ፣ ማስታወቂያው እንዲህ ይሠራል ብለን አላሰብንም። እውነተኛ ስሜት ነው ያገኘነው። ለቅሶውን የቀረጸው ሰው አለ?»

«እናቴ ታማለች» አለዎት።

«እግዜር ይማራቸው። ቪዲዮ ካለ ግን ላኩልን።»

ተረፈ ስልኩን ዘጋው። እሱ ባይልክልዎም ከለቅሶኞቹ አንዱ በስልኩ የቀረጸውን ኢንተርኔት ላይ ለቆት ኖሮ፣ እርስዎ አላጡትም። በሦስተኛው ክፍል እማማ ብርሃኔ ፊታቸውን ሲቧጥጡ ስድስት ደቂቃ ሙሉ፣ በጥቁርና ነጭ፣ ያለ ድምፅ አሳዩን። አዲስ አበባ ያሉ አዋቂዎች «ደፋር» እና «ያልተለመደ» ብለው እንደጻፉልዎ አንብቤአለሁ። እንኳን ደስ አለዎት፤ በእርግጥም የማንም እናት ለቅሶ ለሳቅ ሲቀርብ ከዚህ በፊት አላየንም ነበር። እኔ በበኩሌ በማግስቱ አገና ሄጄ፣ ድጋሚው ሲተላለፍ እማማ እንዳያዩት ሪሲቨራቸውን «ተበላሽቷል» ብዬ ነቅዬ ወሰድኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተበላሸ ስጠግን ኖሬ፣ ደህናውን ዕቃ ተበላሽቷል ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በጥር ወር ደግመው አከበሩን። የመጨረሻው ክፍል ላይ የሚገባውን የተመልካች ሳቅ «ከጋሽ ድንቁ አገር» ለመቅረጽ ወልቂጤ ድረስ መጡ። ጥሪው እንደደረሰን ተረፈ ሥራ ቤት ተሰበሰብን። እሱ ራሱ እናቱ ጋ ነበር። ብዙ አልተነጋገርንም። ሁሉም ይምጣ፣ ማንም አይውጣ፣ ማንም አይሳቅ ተባለ። ከቡታጅራ ሁለት ሚኒባስ ሞልተን መጣን። የጉንችሬና የእምድብር ሰው በራሱ መጣ። አዳራሹ ሲሞላ እርስዎ በደስታ እጅዎን ሲያፋትጉ አይቻለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽዎትም። አዲሱን ስታሳዩን ዝም ማለት ምንም አልከበደንም። የድሮውን ስትከፍቱ፣ ያ ሰውዬ መጥረጊያውን ተሸክሞ ሲወጣ፣ እኔ የኮቴን እጅጌ ነክሼ ነበር። ከጎኔ የነበረው ጎልማሳ እንባው ይወርድ ነበር፤ የሳቅ እንባ ነው፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ድምፁን ግን አላወጣም። ካሜራዎችዎ አንድ ሰዓት ከሩብ ዞረው አንድ ጥርስ እንኳ ሳያገኙ ቀሩ።

በመጨረሻ ማይክሮፎን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ። «ወልቂጤዎች፣ ምነው? አልገባችሁም እንዴ?» አሉን።

ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ዘይባ ከሦስተኛው ረድፍ ተነሡ።

«ገብቶናል ልጄ» አሉ። «ሞተ ያልከን አንተ ነህ። ሰው ሞቶብን እንዴት ብለን እንስቃለን?»

«እናቴ፣ ይሄ እኮ ጥበብ ነው» አሏቸው።

«ይሁን። አገና ሩቅ አይደለም። ጥበቡን እዚህ አስቀምጥና ሄደህ እናትየዋን አነጋግራት።»

እርስዎ ሰዓትዎን አዩ። ፕሮግራም እንዳለብዎት ገልጸው በኋላ በር ወጡ። እኛም በፊት ለፊቱ ወጣን። የመጨረሻው ክፍል ሲተላለፍ ሳቅ ተሰምቷል። ከየት እንዳመጡት አናውቅም። የእኛ ግን አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ምናልባት ምክንያቱ ሳይገባዎት ቀርቶ እንደሆነ ላስረዳዎት። እኛ ነጋዴ ሕዝብ ነን፤ ይህን እርስዎ ራስዎ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ አስቀውበታል። የድራማዎ ስፖንሰር የሆነውን ሳሙና ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያሉ ባለሱቆች ከመደርደሪያ አወረዱት። ማንም ስብሰባ አልጠራም፤ ማንም አላስገደደም። የፋብሪካው ወኪል መጥቶ ምን አጠፋን ሲል፣ ስድስቱን ደቂቃ በስልክ አሳዩት። ሰውዬው እናት ነበረው መሰለኝ፣ እስከ መጨረሻው ማየት አልቻለም። ስፖንሰሩ ውሉን እንዳቋረጠ የሰማነው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ደስ አለን። ክርስቲያን በሰው ጉዳት ደስ ሊለው እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ደስ አለን፤ እኔማ ያን ቀን ሱቄን ዘግቼ ዋልኩ።

ተረፈ አሁን በርና መስኮት ይሠራል። ወደ ካሜራ ፊት አልመለስም ብሏል። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እናቱ ጋ ይደውላል። አምስት ደቂቃ ከዘገየ እማማ ብርሃኔ ነጠላቸውን ለብሰው መንገድ ዳር ወጥተው ይቆማሉ፤ ከወልቂጤ የሚመጣውን ሚኒባስ ሁሉ እያስቆሙ ልጃቸውን አይተውት እንደሆነ ሹፌሩን ይጠይቃሉ። ሹፌሮቹም ለምደውታል። አይተውት ባያውቁም «ደህና ነው እማማ» ይሏቸዋል። አንድ ነገር ግን እስካሁን አልተስተካከለም፤ የሚሏቸውን አያምኑም።

የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ያን ስድስት ደቂቃ ካስቀመጡበት ቦታ ሁሉ ያጥፉልን። ከዚያ እሑድ ቀን፣ እድሩ በተሰበሰበበት፣ አገና መጥተው እማማ ብርሃኔ ፊት ዝቅ ብለው ይቅርታ ይጠይቁ። ካሜራ ይዘው እንዳይመጡ። ይህ እስኪሆን ድረስ በየሳምንቱ ስፖንሰርዎ ማን እንደሆነ እያየን እንቆያለን፤ መደርደሪያችን ሰፊ ነው፣ ትዕግሥታችንም እንዲሁ።

የኮሜዲን ጥበብ ላራቀቁልን፣ ሳንስቅ መሰብሰብን ላስተማሩን፣ ከአራት ወረዳ የመጣን ሕዝብ በአንድ አዳራሽ በአንድ ሐሳብ ላስቀመጡን፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜና ከዕድሜው ጋር የሚሄድ ማስተዋል ፈጣሪ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ዘመድኩን ደበሌ
የቴሌቪዥንና የዲሽ ጥገና፣ ቡታጅራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከማውጣቴ በፊት እማማ ብርሃኔ ዘንድ ሄጄ አንብቤላቸው ነበር። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና እናትዎ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁኝ። አሉ፣ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት አልኳቸው። «እንኳን ኖረችለት» አሉ። ቀጥለውም ለእናትዎ እንዲህ ብዬ እንድጽፍላቸው አዘዙኝ፦ «ልጅሽን ራስሽ ይዘሽው ነይ። እኔ አልቆጣውም። የሠራውን ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ፤ አንቺ ትቆጪዋለሽ።»