የትርሲት ወገን

ሚያዝያ 24

የድሬዳዋ ሙቀት ዛሬም አልተቻለም። ከቀፊራ ገበያ ክር ገዝቼ ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ቀለጥኩ። የዓናብ ሰርግ ደርሷል፣ የምትለብሰውን ዲሪያ ቀሚስ የምጠልፈው እኔ ነኝ። እናቷ ደሄቦ ጎረቤቴ ናት፤ እኔ እያለሁ ለሌላ ሰው እንዴት ትስጥ!

ቤት ስገባ ልጄ ትርሲት ኮምፒውተሬ ላይ ተሰይማለች።

«እማ፣ ሊኑክስ ልጭንበት ነው።»

«ማንን ሊነክስ?»

በሳቅ ሞተች። እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም ነው አለችኝ። ሥራ አመልክታለች፣ ፈተናው በሱ ብቻ ነው የሚሠራው። ካለፈች አዲስ አበባ ይወስዷታል። ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ስንት ጊዜዋ... እምቢ አልላት ነገር።

ግን የጥልፌ ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ነው። የጥልፍ ማሽኑን በገመድ የሚያዝዘው እሱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን የሰበሰብኩት አበባ፣ ሐረግ... እዚያ ውስጥ ነው። ቢጠፋስ? ምን እሆናለሁ?

«አይጠፋም እማ። ዲስኩን ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።»

አንድ ክፍል ቤት በመጋረጃ እንደመክፈል ነው መሰለኝ። መጋረጃ ደግሞ ሁሌ ወደ አንዱ ይገፋል።

ሚያዝያ 26

ከፈለችው። አጠገቧ መቆም አልቻልኩም። ግቢ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ። መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

«እማ፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ደሄቦ ጋ ሂጂ። አዞርሽኝ እኮ!»

ጥልፎቼን ቀድማ ፍላሽ ላይ ገልብጣልኛለች። ፍላሹን ደረቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። መብራቱም አልሄደም፣ ተመስገን።

አሁን ሲከፈት በጥቁር ላይ ዝርዝር ይመጣል። ከላይ የሷ፣ ከታች የኔ። ቀስቱን ቶሎ ወደ ታች ካልተጫንኩት ይቆጥር ይቆጥርና ወደሷ ወገን ይገባል። በገዛ ኮምፒውተሬ!

ሚያዝያ 29

ሻይ ልጥድ ዞር ስል ዛሬም ወደሷ ገባብኝ። ቆሜ ልጠብቀው እንዴ፣ እንደ ወተት?

ግንቦት 3

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ፈተናው ዛሬ አስር ሰዓት ነበር። ትርሲት ጠዋት በሷ ወገን ስትለማመድ ቆይታ ለኔ ለቀቀችልኝ። እንቅልፍ አልነበራትም። «ጋደም ልበል፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀስቅሺኝ» ብላ ገባች። ስልኬ ወጥ ቤት ቻርጅ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ፊቴ ሰዓት እያሳየኝ ምን አስነሳኝ? የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስድስት እቀንሳለሁ፣ አለቀ።

ማሽኑን ለቀቅኩት። የዓናብ ዲሪያ፣ ትከሻው ላይ ወርቃማ ሐረግ። ሲንጫጫ ጆሮ አያሰማም። ምሳም ረሳሁ። ክሩ ተበጥሶ ስቀጥል አዛን ሰማሁ። ኮምፒውተሩን ባየው አሥራ ሁለት ተኩል ይላል... ስድስት ተኩል መሆኑ ነው። ልክ ነው፣ የዙህር፣ የቀትሩ አዛን ነው አልኩ። ምኑን ቸኮልኩ! መልሼ ለቀቅኩት።

ደሄቦ መጣች።

«ዘነቡ፣ የልጄን ልብስ አሳዪኝ አቦ!»

«ቁጭ በይ። ሰገድሽ?»

«ዐስር ሰግጄ ነው የመጣሁት።»

«አስር? አስር ሰዓት ሆነ?!»

«ወላሂ አንቺ ሴትዮ ሙቀት መቶሻል። ሶላቱን ነው የምልሽ፣ ዐስር! ሰዓቱማ...» ስልኳን አወጣች። «ለአስር አስር ጉዳይ።»

ትርሲትን ጮኼ ቀሰቀስኳት። በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። ማሽኑ ሐረጉ መሃል ላይ ነው። አጥፍተን ወደሷ ወገን ካልገባን ፈተና የለም። መሃል ላይ ከተቋረጠ ደግሞ ሐረጉ ቦታውን ይስታል፣ ዲሪያው ተበላሸ ማለት ነው። ልጄ እጇን ዘርግታ ቆመች። ደሄቦን አየቻት። እኔን አየች።

«እማ... የሰው ልብስ ነው።»

አጠፋሁት። እኔው ራሴ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ።

ዝርዝሩ ሲመጣ የላይኛውን ተጫንኩላት። ገባች። ደረሰች!

ደሄቦ ልብሱ ላይ አጎንብሳ ሐረጉን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ በሹክሹክታ፦

«ይሄ ግራ ትከሻ ነው?»

«ግራ ነው።»

«ጋርባሳር ስትደርብበት ይሸፈናል። ብቻ ለዓናብ ትንፍሽ እንዳትዪ፣ ሰርጉን ታስቀርብናለች።»

የትርሲት ጀርባ ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ እንጃ።

ስትጨርስ ነገረችኝ። የሷ ወገን የኮምፒውተሩን ሰዓት በግሪንዊች ይሞላዋል አሉ፣ የኔው ደግሞ የድሬ ነው ብሎ ያነበዋል። ሦስት ሰዓት ወደኋላ። የዐስሩን አዛን ዙህር ያስባለኝ እሱ ነው።

«በየቀኑ እኔ አስተካክለው ነበር፣ እንዳትረበሺ ብዬ። ዛሬ ረሳሁት።»

እንዳልረበሽ! ስድስት ስቀንስ የኖርኩ ሴት፣ ሦስት ደግሞ እንድጨምር ማን ነገረኝ?

ግንቦት 4

ሐረጉን ፈትቼ በእጄ ጠለፍኩት። ቀርቦ ላየው ያስታውቃል። ማን ሊቀርበው?

ግንቦት 17

ሰርጉ አማረ። ዓናብ ስትጨፍር ጋርባሳሯን ወርውራ ጣለችው! ደሄቦና እኔ ተያየን። ትከሻውን ልብ ያለው የለም።

ትርሲት አለፈች። በሰርጉ መሃል ስልኳን ይዛ መጥታ በጆሮዬ ነገረችኝ። እልል አልኩ፤ ሰው ለሙሽራዋ መሰለው።

ሰኔ 20

ትርሲት ከአዲስ አበባ ደወለች። ምግቡም ሥራውም ጥሩ ነው አለች። ብርዱ ግን...

«እማ፣ የኔን ወገን አስጠፊው በቃ። ለጥልፍሽ ቦታ ይሰፋልሻል።»

እሺ አልኳት።

ዛሬ ስከፍተው ዝርዝሩ መጣ። ጣቴ ቀስቱ ላይ ነበር... አልተጫንኩትም። ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ ገባ። ሰዓትና ስሟ ወጡ። ከሥሩ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። አላውቀውም። ልጠይቃት? ገብቼስ ምን ልሠራ?

ወንበሬን ስቤ ፊቱ ተቀመጥኩ።

ደሄቦ በበሩ ብቅ አለች። «ዘነቡ፣ ማሽኑ ዛሬ ምን ሆኖ ዝም አለ? ምን ላይ አፈጠጥሽ?»

«ሰዓት እያየሁ ነው» አልኳት።