ድንቢጥ በቃሏ ያነበበችው መጽሐፍ

ለእናቴ፣

ከሰላምታው በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ የበኩር ልጅሽ፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሚከተለውን ጥፋት መፈጸሜን አምናለሁ። ባለፈው በላክንልሽ ደብዳቤ ላይ አያቴ አባባ ትራስ ተደግፈው ያስጻፉኝን አርባ ሦስት መስመር ሰላምታ በአራት መስመር ጨርሼዋለሁ። የጎረቤቱን፣ የጎረቤቱን አማት፣ ስሙን ረስተውት «ያ እንኳ ከመሰላል የወደቀው» ያሉትን ሰውዬ ሰላምታ ሳይቀር በልቻለሁ። «እስቲ መልሰሽ አንብቢልኝ» ሲሉኝም ያልተጻፈውን ሁሉ ወረቀቱ ላይ አፍጥጬ በቃሌ አወረድኩላቸው። መነጽራቸውን እየወለወሉ «ጎሽ፣ አንድም አልጎደለ» አሉኝ። ቅጣቴን ስትመጪ እቀበላለሁ።

አሁን ሰላምታው ይግባ። እማዬ፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለው? የሆቴሉ ሳሙና የላጠው እጅሽስ ቆዳ መለሰ? አንሶላ ስታጥፊ ጫፉን የምትይዝልሽ ሴትዮ አሁንም ታኮርፍሻለች ወይስ ታረቃችሁ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ተቀምጠሽ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ቆመሽ ጎርሰሽ ትሮጫለሽ? ናፍቆቴን ልጻፈው ብል ወረቀቱ ለሌላው አይተርፍምና ይለፈኝ።

ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ሁላችንም ደህና ነን» ተብሎ ይጻፋል። አባባ ዛሬ ጠዋት ባስጻፉኝ ደብዳቤ ላይም ተጽፏል። እሱም በዚሁ ፖስታ ውስጥ፣ በእኔው እጅ ጽሑፍ አለልሽ። እሱን አትመኚው። ይኼኛው ከእሳቸው ተደብቆ የተጻፈ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ እሑድ እሑድ ስትደውዪ አባባ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ከፍተው፣ ስልኩን እንደ ሞላ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው ነው የሚቀመጡት። እኔ አፌን ልከፍት ስል ደግሞ አያቴ እማማ ከጎኔ ሆነው ጭኔን ይቆነጥጡኛል። ደግነቱ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነገ ጠዋት ወዳለሽበት ትሄዳለች፤ ቅዳሜ እጅሽ ላይ እንደምታደርሰው ቃል ገብታልኛለች።

ነገሩ የትንሿ ልጅሽ የድንቢጥ ዓይን ነው። ድንቢጥ አታይም፣ እማዬ። በቀኝ ዓይኗ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የምትለየው። በግራው አፍንጫዋ ሥር ያስጠጋችውን ትለያለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጭጋግ ነው። ቁጭ ብለሽ እንደምታነቢው ተስፋ አደርጋለሁ። ይኼን ካወቅን ሦስት ሳምንታችን ነው። ይኼን ሁሉ ጊዜ ስድስት ዓይን ይዛችሁ እንዴት ሳታዩ ቀራችሁ ትዪኛለሽ። ልክ ነሽ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

የድንቢጥ አፀደ ሕፃናት ከብረት በያጁ ሱቅ ጀርባ የተለጠፈ አንድ ክፍል ነው። አርባ ስድስት ልጆች አሉ። ወንበሮቹ እኔ ስቀመጥባቸው ጉልበቴ ጆሮዬን የሚነካ ናቸው። እዚያ ትምህርት ሁሉ ዜማ ነው። ፊደሉ በዜማ፣ ቁጥሩ በዜማ፣ የሳምንቱ ቀናት በዜማ፣ ራስ፣ አንገት፣ ትከሻ በዜማ፣ እጅ መታጠብ እንኳ ውሃው ሳይመጣ በዜማ ያልቃል። መምህርቷ የፊደል ገበታውን በእንጨት ቧ ስታደርግ አርባ ስድስት አፍ «ሀ» ይላል፤ ደግማ ቧ ስታደርግ «ሁ»። ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእኛዋ ድምፅ ነው። ድንቢጥ ያልናት እኮ ለዚሁ ነው፤ ሰውነቷ እፍኝ አይሞላም፣ ጩኸቷ ግን ሰፈር ያነቃል። መምህርቷ ከፊት አቁማ መሪ አደረገቻት። የመንፈቁ የውጤት ካርድ ሲመጣ በቋንቋ መቶ፣ በሒሳብ መቶ፣ በአካባቢ ሳይንስ መቶ፣ በሙዚቃ መቶ። በሥዕል ብቻ «ትትጋ» የሚል ነበር፤ አባባም «ሥዕል የሥራ ፈት ነው» ብለው አለፉት። ካርዱን የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለመድኃኒት ሻጩ፣ አንድ ቀንም መንገድ ለጠየቃቸው ለማያውቁት ሰው አሳይተዋል። ሰውዬው መንገዱን ሳይነገረው ሄደ።

የኔ ጥፋት እዚህ ላይ ይገባል፤ ይኼኛው እንደመጀመሪያው ኑዛዜ ቀልድ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ አባባ «ነይ ልጄ፣ አንብቢላቸው» ይሏታል። የማንበቢያ መጽሐፏን ከሽፋን እስከ ሽፋን በቃሏ ያስጠናኋት እኔ ነኝ። ገጹን መቼ እንደምትገልጥ ምልክት ነበረን፤ እኔ ሳል አደርጋለሁ፣ እሷ ትገልጣለች። እንግዶቹ «አምስት ዓመት ሳይሞላት!» እያሉ ሲደነቁ እኔ ጓዳ ገብቼ በሳቅ እሞታለሁ። ያነበበችው መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተዘቅዝቆ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም፣ እኔም ከቀልዱ አንዱ ክፍል መስሎኝ የበለጠ ሳቅሁ። እማዬ፣ ለካ እኔ የምስቅበት ነገር እሷ የምትደበቅበት ኖሯል።

የቀድሞዋ መምህርት የወሊድ ፈቃድ ወጣችና አዲስ መጣች። ቀጭን ናት፣ ሁልጊዜ ጉንፋን አለባት፣ ልጆቹ «አፍንጫዬ» ይሏታል። እንጨት አትወድም፤ ገበታው ላይ በጣቷ ነው የምታሳየው፣ ያውም ዝም ብላ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች። ያን ቀን ድንቢጥ የረሳችውን ውሃ ላደርስ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ነበር። አፍንጫዬ «መ» ላይ ጣቷን አሳረፈች። ድንቢጥ ከፊት ቆማ በሙሉ ድምፅዋ «ሀ» አለች፣ ቀጥላ «ሁ»፣ «ሂ»፣ እስከ «ሆ» አደረሰችው፣ ብቻዋን። ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ደስ ያሰኘቻቸው መስሏታል። አፍንጫዬ ልጆቹን ዝም አሰኝታ ጎንበስ አለችና ይቺ ፊደል ማን እንደሆነች ቀስ ብላ ጠየቀቻት።

«ቧ አላደረግሽማ» አለቻት ድንቢጥ። «ካልመታሽው እንዴት አውቃለሁ?»

የያዝኩት የውሃ ጠርሙስ ከእጄ ወደቀ። ድንቢጥ ወደ ድምፁ ዞረች፣ ወደ እኔ ግን አላየችም።

አፍንጫዬ ለአባባ ልትናገር አልቸኮለችም። ያን ሳምንት እኔን በዚያ ወንበር አስቀምጣ በየትምህርቱ ፈተነቻት። በሒሳብ ቆርኪ ስትሰጣት በጣቷ እየዳሰሰች እስከ ሃያ አንድም ሳትስት ቆጠረች፤ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተሳሉትን ሦስት ብርቱካኖች ግን «አሥር» አለቻቸው፣ አሥር ብዙ ስለሆነ። ከለሮቿን ስትጠየቅ ሁሉንም አወቀች። ደስ ሊለን ሲል አፍንጫዬ የሌላ ልጅ ከለር ሰጠቻት፣ አንዱንም አላወቀችም። ኋላ ስንጠይቃት ቀዩ የተሰበረው፣ ቢጫው እሷ ራሷ በጥርሷ የነከሰችው፣ አረንጓዴው ወረቀቱ የተላጠው ነው አለችን። ቤት ሥላ ስትባል ጣራውንም፣ በሩንም፣ ፀሐዩንም አንዱን በአንዱ ላይ ደራርባ ሣለችው። በአካባቢ ሳይንስ ያን ቀን የነበረው ስለ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት ነበር። «በዓይናችን እናያለን» ብላ ከሁሉም አስቀድማ ዓይኗን ነካች። በመስኮቱ ምን ይታይሻል ስትባል «ሰውዬው ብረት እየቆረጠ ነው» አለች። መስኮቱ የተከፈተው ወደ ግድግዳ ነው። ስፖርት ላይ ደግሞ ከፊቷ ያለችውን ልጅ ቀሚስ ይዛ ነው የምትሮጠው፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ የምትወጣው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

የዓይን ሐኪሟ ዘንድ የወሰድናት እኔና አፍንጫዬ ነን፣ አባባን «ለትምህርት ቤት ምርመራ» ብለን። ሐኪሟ ሰላምታ የምታውቅ ሴት አይደለችም። መብራት አበራችባት፣ አየች፣ ጻፈች። የዓይን ሞራ ነው አለች፣ ከልደቷ ጀምሮ ቀስ እያለ የወፈረ። ሞራው ይወጣል፣ በቦታው መስታወት መሰል ነገር ይገባል፣ ሥራው ብዙ አይደለም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ማየት ራሱ ሕፃን ልጅ እንደ ፊደል የሚማረው ነገር ነው አለችን፤ በጊዜው ያልተማረ አንጎል ኋላ ዓይኑ ቢጠራለትም አያነብበትም። ቀኙ በጣም ዘግይቷል። ግራው ገና ይማራል፣ ግን ብዙ አይጠብቅም። ልጆችን የሚያክመው የቀዶ ጥገና ሐኪም በዓመት ሁለቴ ብቻ ነው የሚመጣው። የድንቢጥ ቀጠሮ የፊታችን ሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ነው። እሱ ካለፈ እስከሚቀጥለው ተራ ግራውም እንደ ቀኙ ይሆናል ብላ ወረቀት ሰጠችን። ወረቀቱ ላይ አሳዳጊ መፈረም አለበት።

አሳዳጊው አባባ ናቸው፤ አባባ አይፈርሙም።

መጀመሪያ የእኛ ዘር ዓይን ያረጅ እንደሆነ እንጂ አይታመምም አሉ፤ ይኼን ሲሉ ሻያቸው ውስጥ በስኳር ፈንታ ጨው እየጨመሩ ነበር። እማማ ደግሞ ካሮት ዓይን ያበራል ብለው ጠዋት ካሮት፣ ቀን ካሮት፣ ማታ ካሮት፤ የልጅቷ መዳፍ ቢጫ ሆኗል። እኔ ተሟገትኩ። ወረቀቱን ለሰባት ቀን በየቀኑ ፊታቸው አስቀመጥኩት። በሰባተኛው ቀን አጣጥፈው መለሱልኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«እናትሽ ስትሄድ ልጇን በደህና ዓይኗ ነው ያስረከበችኝ። ቢላዋ ገብቶ ቢጠፋብኝ ምን ብዬ እመልስላታለሁ? ትምጣና ራሷ ትፈርም።»

ውልሽ ሊያልቅ አሥራ አራት ወር ይቀረዋል። ይኼን ስነግራቸው ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም፣ ሥራዋ ላይ ትወድቃለች፣ አንቺም ትንፍሽ እንዳትዪ ብለው አስማሉኝ። ማልኩ። መሐላዬንም ይኸው በጽሑፍ አፈረስኩት።

ክፉ ሰው እንዳይመስሉሽ። ትናንት ጓሮ ሆነው አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሌላውን እጃቸውን ጣቶች ሲያዩ አገኘኋቸው። ከዚያ ሁለቱንም ጨፍነው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ፤ በአራተኛው እርምጃ ባልዲው ላይ ወደቁ። ምን ሆኑ ስላቸው «ባልዲውን ማን እዚህ አስቀመጠው» ብለው ተቆጡኝ። ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

ድንቢጥ አሁን ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ አትዘምርም። አፍንጫዬ ለእሷ ብላ እንጨቱን መልሳ አነሳች፣ ቧ ታደርግላታለች፤ እሷ ግን አፏን አትከፍትም። ትናንት ስንመለስ እጄን ይዛ እየሄደች ሌሎቹ ልጆች ሳይነኩትና ሳይሰሙት እንዴት እንደሚያውቁት ጠየቀችኝ። እስከዛሬ ሁሉም ሰው እንደ እሷ የሚማር ይመስላት ነበር። 

ስለዚህ የምለምንሽ ይኼ ነው። እሑድ ስትደውዪ እንደ ልማድሽ ከጤና ጀምረሽ እንዳትዞሪ። ለአባባ ድምፁን ይዝጉት፣ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ያድርጉት በያቸው። ከዚያ ፈርም በያቸው፤ አይ፣ ይፈርሙ በያቸው፣ ዛሬ እንኳ ሥርዓት ላብዛ። ቢጠፋም ቢድንም እዳው የእኔ ነው፣ የእርስዎ አይደለም የሚል ቃል ከአፍሽ ካልሰሙ እጃቸው እስክሪብቶ አይዝም። እሳቸው ቢላዋውን አይደለም የሚፈሩት፣ አንቺን ነው። እንዳታለቅሺባቸው፤ ካለቀስሽ እሳቸውም ያለቅሳሉ፣ ሰኞውም ያልፋል። ማልቀስ ካማረሽ አንሶላው ውስጥ አልቅሺና ከዚያ ደውዪ። ማን ነገረሽ ካሉሽም እኔ ነኝ በያቸው። የሚመጣውን እችላለሁ።

እማማ ሰላም ብለውሻል፣ ወገብሽን በደንብ እሰሪ ብለውሻል፣ ካሮትም ብዪ ብለውሻል። አባባ ሰላምታቸው በሌላኛው ደብዳቤ ላይ ሙሉውን አለ፤ ዛሬ አንድም መስመር አልበላሁም፣ ከመሰላል የወደቀው ሰውዬም ድኖ ሰላም ብሎሻል። አፍንጫዬ አታውቅሽም ግን ሰላም ትልሻለች፣ አስነጥሳለች። ለዚያች ለምታኮርፍሽ ሴትዮም ሰላም በዪልኝ፤ አንሶላ ብቻውን አይታጠፍም።

ከቤትሽ፣ ከጓዳው ወለል ላይ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተጻፈ።

ስሜን ልፈርም ስል የእግር ኮቴ ሰማሁና ወረቀቱን ጉልበቴ ሥር ደበቅሁ። ድንቢጥ ናት። ግድግዳውን እየዳሰሰች መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ እስክሪብቶዬ ወረቀት ሲጭር ሰምታው ነው። ትንፋሼን ያዝኩ። «እታለም» አለች። ፈገግ ብላ ደግማ «እታለም፣ አየሁሽ» አለችኝ፤ ጣቷን የቀሰረችው ግን ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የአባባ ካፖርት ነበር።