ከመስኮቱ የተነሳችው ልጅ

ሮቤ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለበእውቀቱ፣

እንደምን ሰነበትክ? የአሶሳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ዘንድሮ አልለቅ ብሎናል። አባትህ ሊያስተምር ሄዷል፣ እህትህ ጸሎትም ትምህርት ቤት ናት። አያትህን እማማ ሸዋርጋን ፀሐይ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ በየመሃሉ ስለሚጠሩኝ ወሬዬ ቢቆራረጥ አትፍረድብኝ። ስልኬን ስለማታነሳ ነው በወረቀት የመጣሁብህ። ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ፣ ልጄ ምን ሆነ እያልኩ ስባዝን ሰነበትኩ። ለጸሎት ግን ታነሳለህ። ስለዚህ ደህና መሆንህን አውቃለሁ፤ ማነጋገር ያልፈለግከው እኔን ነው።

የትርፍ ጊዜ ሥራዬን «ጥናት ነው» ብዬህ ነበር። አልዋሸሁህም፣ ሙሉውንም ግን አልነገርኩህም፤ ለማንም እንዳንናገር አስጠንቅቀውናል። ስውር ደንበኛ ይሉናል። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት በስልክ ትእዛዝ ይልክልኛል፤ እኔ ተራ ገበያተኛ መስዬ ባንክ፣ ፋርማሲ፣ ማደያ እገባለሁ፤ ሠራተኛው እንዴት እንዳስተናገደኝና ምን እንዳጎደለ አይቼ እጽፋለሁ። በወር ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

ጥቂት ቀንም ቢሆን ቤቱን አምሶት ነበር። አንድ ቀን ዲንሾ ማደያ ልገመግም ስሄድ የአባትህን የስኳር መድኃኒት በቦርሳዬ ይዤው ሄድኩ፤ ሰውዬው ቤት ሲያገላብጥ ዋለ። ሌላ ቀን እማማን የሚጠብቅልኝ ጠፍቶ ፋርማሲ ይዣቸው ገባሁ። ፋርማሲስቱን የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፣ መረቁት፣ ቀጥለውም «ምራቴን እንኳ ምንም አላመማትም፤ ለምን እንደመጣን እንጃ» አሉት። ይባስ ብሎ አመሉ ቤት ድረስ ተከተለኝ። ጸሎት ሻይ ስታቀርብልኝ ፈገግ አለች ወይስ አላለችም እያልኩ አፈጥባታለሁ፤ «እማ፣ ፊቴ ላይ ምን አለ?» ትለኛለች።

ቢሆንም ወደድኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከሮቤ ስወጣ የማንም እናት፣ የማንም ሚስት ያልሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ለዚያች ለአንድ ሰዓት ስል ሌላውን ሁሉ ችዬው ነበር።

በመስከረም መጨረሻ ጎባ ያለ አንድ ባንክ ደረሰኝ። ዘበኛው «አካም ቡልታን፣ አዮ» ብሎ በኦሮምኛ ደህና ማደሬን ጠይቆ በሩን ከፈተልኝ። ለልጅ ሒሳብ እንደምከፍት ሆኜ ተራ ያዝኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ። «እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ፤ አይቁሙ፣ እዚያ ጋ ይቀመጡ» አለችኝ። ትሕትናዋ ገረመኝ። ከዚያ ስልኳን አነሳችና ሰው ቆሞ እያለ በጓሮ በር ወጣች፤ ቆየች። በዚህ መሃል ከጸሎት ትምህርት ቤት ተደወለልኝ፤ አስሟ ተነስቶባታል፣ ነይና ውሰጃት አሉኝ። ልጅቷ ለምን እንደወጣች ሳላጣራ ሮጥኩ። መንገድ ላይ፣ ልቤ ጸሎት ዘንድ እያለ፣ ሪፖርቱን ጽፌ ላክሁት። «ደንበኛ አቁማ፣ ስልክ ለማውራት ከመስኮቷ ተነስታ ወጣች» አልኩ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት። ምክንያቱን መጠየቅ ግን ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

ባለፈው ሳምንት እራት ላይ ጸሎት ፊቷን ጥላ «የበእውቀቱ ሊሊ ከሥራ ወጣች» አለች። ጎባ ላይ እጮኛ እንዳለችህ የሰማሁት ያኔ ነው። ገና በሙከራ ጊዜ ላይ ስለነበረች፣ አንድ ስውር ደንበኛ በጻፈባት ሪፖርት ቋሚ ሳትሆን አሰናበቷት አለችን። አባትህ ሰምቶ «እንዲህ ያለው አሳባቂ እጁ አይባረክ» አለ። ጸሎት ፎቶዋን አሳየችኝ። መስኮቱ ላይ ያየኋት ያቺው ልጅ ናት።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። አልጋ አነጥፋለሁ፣ መልሼ አነሳዋለሁ። ገበያ እወጣና ምን ልገዛ እንደወጣሁ ጠፍቶኝ እመለሳለሁ። ለተቆጣጣሪዬ ደወልኩ፤ ሪፖርቱ ሙሉ አይደለም፣ ልጅቷ የልጄ እጮኛ ናት አልኳት። «ዝምድና ካለ አስቀድመው ማሳወቅ ነበረብዎት» አለችኝ። «ገና አልተዛመድንም» አልኳት። አልሳቀችም። የተላከ አይመለስም አለችኝ፤ ለእኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራ አልላኩልኝም። የባንኩ ሥራ አስኪያጅም «ውሳኔው ከላይ ነው» ብሎ ሸኘኝ።

እማማ ጠርተውኝ ነበር፤ ጥላው ደርሶባቸው ወንበራቸውን አዞርኩላቸው።

ትናንት ለአባትህ ሁሉንም ነገርኩት። ኮቱን ለብሶ እስከ ሚኒባሱ ሸኘኝ። ጎባ ስደርስ ሊሊን ጸሎት በጠቆመችኝ በእህቷ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትተክል አገኘኋት። ስታየኝ ብድግ ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። እኔ ግን እንደቆምኩ «ያን ቀን የጻፍኩብሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ እናቴ። ይቀመጡ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ያን ቀን ወጥቼ የደወልኩት ለበእውቀቱ ነው» አለችኝ። «ፎቶዎን አሳይቶኝ ስለነበር ገና ከበር ሲገቡ ነው ያወቅኩዎት። ልጄ የመረጣት ምን ዓይነት ናት ብለው ሊያዩኝ የመጡ መሰለኝ። እናትህ መጥተዋል፣ ምን ልበላቸው ልለው ወጣሁ። ስመለስ የሉም። አልወደዱኝም ብዬ ሳለቅስ ሰነበትኩ። በኋላ ሲያሰናብቱኝ የዚያን ቀኑን ነገር አነሱብኝ። እሱ ደግሞ ጥናት እንደሚሠሩ ነግሮኝ ነበር። ያኔ ለሁለታችንም ገባን።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እሱማ ሊነግርዎት ነበር። አትንገራቸው ያልኩት እኔ ነኝ። ይጎዳሉ ብዬ ነው። እርስዎ ያዩትን ጻፉ፤ እኔም መነሳት አልነበረብኝም።»

ያቀረበችልኝ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «ሌላስ ስለ እኔ ምን ብለው ጻፉ?» አለችኝ።

«ሰው አክባሪ ናት፤ ትሕትናዋ ከልቧ ነው ብያለሁ» አልኳት። ትከሻዬ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔም አላስቻለኝም። እህቷ የስፌት መኪናዋን አቁማ ታየናለች።

ልጄ፣ ዝምታህ አሁን ገብቶኛል። ቃል ገብተህላት ልትነግረኝ አልቻልክም፤ ሳትነግረኝም እንደ ድሮው እማ እያልክ ልታወራኝ አልቻልክም። ተቀይመህም ይሆናል፤ ብትቀየም አይፈረድብህም። ሥራዋን ላስመልስላት አልቻልኩም፤ ይህ እንቅልፍ ነስቶኛል። አባትህ ሽማግሌ እንላክ ይላል። እኔም ይህንኑ ለራሷ ለሊሊ ሳነሳላት «ከእርስዎ ጋር ሳይታረቅማ አይሆንም፣ እናቴ» አለችኝ። እሷ ይቅር ብላኛለች፤ የቀረኸው አንተ ነህ።

ስለዚህ ደውልልኝ። መቆጣት ካለብህ ተቆጣኝ፤ እስክትጨርስ እሰማሃለሁ። በሰው አገር ክፉ አይንካህ፤ የጀመርከውን ያስፈጽምህ፤ ከመረጥካት ጋር ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ።

ስልኩን ከእጇ የማትለየው
እናትህ ማናልበሽ