የቃሊቲው መካኒክ የአቶ ገብረጻድቅ ሰይፈሥላሴ ሕይወትና የሽማግሌዎቹ ሚኒባስ

አቶ ገብረጻድቅ ሰይፈሥላሴ ከአባታቸው ከባቡር ሠራተኛው ከአቶ ሰይፈሥላሴ ወልደአረጋይና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልጋነሽ ደስታ በ1951 ዓ.ም. አቃቂ ተወለዱ። በተወለዱ ዕለት የድሬዳዋው ባቡር ሕፃኑን ላለመቀስቀስ ፉጨቱን ውጦ በቀስታ አለፈ ይባላል። ይህን ያሉት አባታቸው ብቻ ስለሆኑ አንጨቃጨቅበትም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አቃቂ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚያ ያልዘለቁት ሰንፈው ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ጋራዥ ስለነበረ ነው። ኋላም በአንድ ፋብሪካ የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ሲሠሩ ቆይተው፣ በ1984 ዓ.ም. ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት በታች መንገድ ዳር የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። በ1979 ዓ.ም. በሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ከወ/ሮ አሰለፈች ይመኑ ጋር ተጋብተው ማህሌትንና አብርሽን አፍርተዋል።

ስማቸው የተጠራው በቦል ጆይንት ነው። ቦል ጆይንት ጎማውን ከመኪናው ክንድ ጋር የምታያይዝ፣ እንደ ሰው ዳሌ በጎድጓዳዋ ውስጥ የምትዞር ኳስ ናት። ስትበላ ትንኳኳለች፣ ያልሰማት ጎማው ይገነጠልበታል። አቶ ገብረጻድቅ አልጋቸው ላይ ሆነው በአስፋልቱ የምታልፍ ሚኒባስ ሰምተው፣ የቀኝ የታችኛው ብለው መልሰው ይተኙ ነበር። ያቺ ሚኒባስ ሞጆ ሳትደርስ ትቆማለች። ያላመነ ሞጆ ሄዶ ይጠይቅ።

በጆሮ የሰሙትን በእጅ ሳያረጋግጡ ግን አይፈርዱም። ክሪኩን ከታችኛው ክንድ ስር፣ ጎማው አጠገብ ያስገባሉ። ክንዱ ሲነሳ ቦል ጆይንቷ ሸክሟን ታራግፋለች። ያኔ ጎማውን ፓሎ በሚሉት የብረት ዘንግ ከስር ብድግ ሲያደርጉት የተበላችው ራሷን ታጋልጣለች። ክሪኩ የመኪናውን አካል በሚሸከመው ብረት፣ በሻንሲው ስር ከሆነ ግን ሞላው ጫን ብሎ ስለሚይዛት፣ ያለቀላት እንኳ ጤነኛ መስላ ትታያለች።

በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለአብርሽ ሽማግሌ ተላከ። የሚጠየቁት የቱሉ ዲምቱው አቶ ቀጀላ፣ የምትጠየቀው ልጃቸው ሃዊ ነበረች። አቶ ቀጀላ ሁለት ጊዜ መልሰው ለሦስተኛው ቀጠሮ ሰጥተዋል። ሽማግሌዎቹ በአብርሽ ሚኒባስ ተሳፍረው በጋራዡ በኩል ብቅ አሉ። የእድሩ ሊቀመንበር የአቶ ዱጉማ ጋቢ ከመንጣቱ የተነሳ የማረሚያ ቤቱ ጠባቂ ማማው ላይ ሆኖ ዓይኑን ጨፈነ ይላሉ።

አቶ ገብረጻድቅ ሚኒባሷ ስትገባ ያንን ድምፅ ሰሙ። ክሪክ ይዘው ተንበረከኩ። በሽማግሌ ተጭና ስለረገበች ግን ክሪኩ ከክንዱ ስር አልገባም አለ። ውረዱ እንዳይሉ ከታች ጭቃ ነው፣ ከላይ ነጭ ጋቢ ነው። አቶ ዱጉማ በመስኮት ብቅ ብለው፣ ገብሬ ዛሬ የምትድረው ልጅህን ነው ወይስ መኪናህን እያሉ ይቀልዳሉ። አቶ ገብረጻድቅ ይሉኝታ ያዛቸው። ክሪኩን በሻንሲው ስር አድርገው ጎማውን ነቀነቁት፤ ጥብቅ አለላቸው። አብርሽ ደህና ናት ወይ ሲላቸው ደህና ናት፣ ሂዱ አሉት።

ቱሉ ዲምቱ ሳይደርሱ የቀኙ ጎማ ወደ ውጭ ተኛ። እግዚአብሔር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ጭቃ ለጭቃ ሄደው መሽቶ ደረሱ። አቶ ቀጀላ ከበር ሳያስገቡ እንዲህ አሏቸው፦

«የመካኒክ ልጅ መኪና ሽማግሌ ማድረስ ካቃታት፣ ልጄን የት ልታደርሷት ነው?»

ሃዊ አልቅሳ ለምና ነበር፤ አባቷ አልሰሟትም። በጥር ለሌላ ተዳረች።

አቶ ገብረጻድቅ በማግስቱ ሚኒባሷን አስጎትተው ባዶዋን በክሪክ አነሷት። ግራዋም ተበልታ ኖሯል። የማሰሪያ ዳዶውን ፈትተው፣ የቦል ጆይንቷን አቃፊ ከጎኑ በመዶሻ መትተው አሮጌዎቹን አስለቀቁ፤ አዲሶቹን ገጥመው፣ ግራሶ ሞልተው አጠበቁ። መኪናዋ ዳነች። አብርሽ ግን ሸጧት የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ሹፌር ሆነ፤ ከአባቱ ቤትም ቀረ። አባት ለልጅ ይቅርታ እንዴት ይጠይቃል? አልቻሉበትም። አንድ ቀን ቃሊቲ የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ሄደው፣ ሳይጠሩ ከመኪናው ስር ተጋደሙ። አብርሽ ጎንበስ ብሎ፣ «አባዬ፣ ይውጡ። እኔ አስፈትሼዋለሁ» አላቸው። ወጡ፣ ልብሳቸውን አራግፈው ሄዱ።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸው። አንደበታቸው ሲመለስ ሰው መለየት ተሳናቸው። አብርሽ ከመንገድ ተጠርቶ መጥቶ አልጋቸው አጠገብ ሲቀመጥ ትክ ብለው አዩት።

«ወንድሜ፣ ሹፌር ትመስላለህ።»

«ነኝ።»

«አብርሽ የሚባል ልጅ መንገድ ላይ ካገኘህ፣ አባትህ ሽማግሌ ጭቃ ላይ ማውረድ አፍሮ ነው በለው። አንተን ንቆ አይደለም በለው።»

«እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ሲገባ ነገርከው ወይ አሉት። ነግሬዋለሁ፣ ቅሬታም የለውም አላቸው። አቶ ገብረጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልነገርከውም። ቢሰማ ኖሮ ይመጣ ነበር።»

አብርሽ እኔ ነኝ ብሎ መታወቂያውን አሳያቸው፤ ወ/ሮ አሰለፈች ማሉላቸው፤ ማህሌት የልጅነት ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያይታ ያዘችላቸው። ለሁሉም በትሕትና አመሰገኑ፤ ማንንም አላመኑም። አብርሽ ሥራውን ትቶ እስከ መጨረሻው ሲያጥባቸውና ሲያጎርሳቸው፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከበሩ አልነቀሉም።

በሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ልጃቸው ትራሳቸውን እያስተካከለ፣ ወደ በሩ እንዳዩ ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ አሰለፈችን፣ ልጆቻቸውን ማህሌትንና አብርሽን፣ የልጅ ልጃቸውን ሶሊያናን ትተው ሄደዋል።

እኛ ልናሳምናቸው ያልቻልነውን ፈጣሪ ያሳምንልን፤ ነፍሳቸውንም በደጋግ አባቶች አጠገብ ያኑርልን። አሜን።