የመጨረሻው ካምፕ ሲዘጋ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 10
ለንደን ውስጥ ከሰፈሬ ከአርችዌይ እዚህ ቢሮ ድረስ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ መጣሁ። ስልኩ እስከ ምሳ የጮኸው ሁለቴ ብቻ። ይህን ሥራ ስጀምር፣ ደብተሬ፣ ለዕረፍት ቤት ቡክ ለማድረግ ሰዉ ስልክ መስመር ላይ ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። ስምንት የመዝናኛ ካምፕ ነበረን፣ ሁሉም ባሕር ዳርቻ ላይ። መዋኛ፣ የዳንስ አዳራሽ፣ በረድፍ የቆሙ ትንንሽ ቤቶች። የፋብሪካ ሠራተኛ ከነልጆቹ መጥቶ ሳምንት ይዝናናል። ከዚያ አውሮፕላን ረከሰ፣ ሰዉ ስፔን ለመደ። ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠግን ጠፋ። አንድ በአንድ ተሸጡ። የቀረው አስካለ ያለችበት ብቻ።

አስካለና እኔ ጥገኝነት የጠየቅነው አብረን ነው። ካምፑ ጽዳት ያስገባኋት እኔ። አሥራ ሰባት ዓመት እዚያው የሠራተኛ ቤት ውስጥ ኖረች። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሌላ አድራሻ የላትም።

ማክሰኞ፣ 11
ማናጀሯ ጠርታን በሩን ዘጋች። ካምፑ ነገ ይዘጋል። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ ያለ ከሥራ ይሰናበታል። እዚያ የሚኖሩትስ አልኳት። ነገ ይነገራቸዋል አለች፣ ስክሪኗን እያየች።

ማታ አስካለ ደወለች። አዲስ መጋረጃ ሰቅላለች፣ ደስ ብሏታል።
«ምነው ድምፅሽ?»
«ጉንፋን ነው።»
ዋሸኋት።

ረቡዕ፣ 12
ለደንበኞች እየደወልኩ ቡኪንጋችሁ ካንስል ሆኗል ስል ዋልኩ። ጫጉላቸውን እዚያ ያሳለፉ አንዲት አሮጊት ጭራሽ እኔን አጽናኑኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አስካለ ደወለች። ጥበቃዎች መጥተው እዚያ የሚኖሩትን ሠራተኞች እስከ ማታ ልቀቁ አሏቸው። ድምጿ የሌላ ሰው ይመስላል።
«ትናንት ታውቂ ነበር?»
አዎ አልኳት። ስልኩን ዘጋችው።

ሐሙስ፣ 13
አታነሳም። አሥር ጊዜ ደወልኩ። አብራት የምትሠራ ሴት በስልክ አገኘሁ፤ ካምፑ አጠገብ ያለው ከተማ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አስጠግቷቸዋል። የሃያ ዓመት ጓደኛዬ መሬት ላይ ተኝታለች፣ እኔ አፌን ስለያዝኩ።

ዓርብ፣ 14፣ ባቡር ውስጥ
ሥራ ቀርቼ ወደ ቤቴ ላመጣት አዳራሹ ድረስ ሄድኩ። አስካለ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ስደርስ አላቀፈችኝም። አንድ ሻንጣ አነሳሁ፣ ሌላውን አልሰጥም አለች። እስካሁን የተናገረችው ይህን ብቻ፦ «ብትነግሪኝ ኖሮ ብቻዬን አለቅስ ነበር። ሰው ፊት አስለቀሱኝ።»


ቅዳሜ፣ 15
አልጋዬን ለቀቅኩላት። እኔ ሶፋ ላይ። ማናጀሯ ደወለች፤ የሚዘጋ ፋይል ስላለ ሰኞ በጊዜ ግቢ አለችኝ። አልገባም አልኳት። በቃ። ሰኞ ከአስካለ ጋር የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስል፣ እሄዳለሁ፣ ለቤት አፕላይ እናደርጋለን።

ግን ይቅርታ አልጠየቅኳትም። አራት ቀን ሙሉ ምክንያት ስደረድር ቆየሁ። ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እንዲሁ ነው የምነግራት። ነቅታለች፣ ስትንቀሳቀስ ይሰማኛል። አሁን በሩን አንኳኩቼ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።